አቶ እንደተለመደው

ምግብ ቤት በተከፈተበት አገር ሁሉ አንድ «እንደተለመደው» ባይ ደንበኛ አይጠፋም። ጂንካም የራሷን አላጣችም፤ ክቡር አቶ እውነቱ ናቸው።

ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለችው በርገር ቤት ገና እግራቸውን ሳያስገቡ፣ «አለምዬ፣ እንደተለመደው! ቶሎ በይ፣ የቱርሚ መኪና ቆሞልኛል!» ይላሉ። መኪናው ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው።

ችግሩ የተለመደው ነገር የተለመደ አለመሆኑ ነው። ሰኞ በርገር ነው፣ ሽንኩርቱ ይውጣ። ማክሰኞ ጨጓራቸው ስለሚነሣ ሚጥሚጣ የሌለው ቺፕስ። ረቡዕና አርብ ድንች በዳቦ፣ ማዮኔዝ እንዳይነካው፣ እንቁላል አለበትና። አስተናጋጇ አለምነሽ ጴንጤ ናት፤ የጾም ቀን የምታውቀው በአቶ እውነቱ ሆድ ነው። ከተሳሳተች ጣታቸውን እንደ ዳኛ አንሥተው፣ «ይሄ ነው የተለመደው?» ይላሉ፤ ሳህኑም ይመለሳል።

ከኋላ ሼፉ ይጮኻል፣ ከፊት ደንበኛው ይጮኻል። አለምነሽ ግን አሥራ ሁለት ጠረጴዛ በጭንቅላቷ ይዛ ስትዞር አንድም አይጠፋባትም ነበር። ያስጨነቃት ሌላ ነው። አንድ ሰኞ ኃላፊዋ የሺመቤት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትዕዛዝ በወረቀት! በሳምንት ሁለት ሳህን የተመለሰባት ሌላ ሥራ ትፈልግ» አለች። አለምነሽ ደግሞ እስክሪብቶ ስትይዝ እጇ ይከብዳል። ፊደሉን ታውቀዋለች፤ አንድ በአንድ ከመጣ። በግፊያ ሲመጣ ነው የሚጠፋባት።

በዚያው ሰኞ አንድ ሳህን ተመለሰባት። ቀረቻት አንዷ።

ረቡዕ አቶ እውነቱ መጡ። «እንደተለመደው! ቶሎ!» አለምነሽ ላቧን ጠርጋ፣ «እንደተለመደው»ን አሳጥራ «እተ» ብላ ጽፋ ወደ ውስጥ ሰደደች። ሼፉ ባሮክ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እንቁላል ተጨማሪ» ብሎ አነበበው። ዳቦው ተከድኖ ስለወጣ እሷም ሳታውቅ አቀረበችላቸው።

አቶ እውነቱ ዳቦውን ገለጥ ሲያደርጉ፣ በረቡዕ ምድር፣ ሁለት እንቁላል አፈጠጠባቸው። ጣታቸው ተነሣ። የሺመቤት ከተፍ አለች።

«ምን ተሳሳተች ደግሞ?»

አቶ እውነቱ ከሳህኑ ሥር አብሮ የወጣውን የትዕዛዝ ወረቀት አዩ፦ «እተ»። የአለምነሽን እጅ አዩ፤ እስክሪብቶውን እንደ መጥረቢያ ጨብጣዋለች። የተነሣው ጣት መንገድ ቀይሮ ጆሯቸውን አከከ።

«ማን ተሳሳተ አለሽ? እንደተለመደው ነው። ለጎረቤቴ ልጆች ጠቅልይልኝ፣ አለምዬ።» ደረቅ ዳቦ በሻይ በልተው ወጡ።

አርብ ከበር ላይ አልጮኹም። ገብተው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «ድ... ን... ች» አሉ። አለምነሽ ጻፈች። «በ... ዳ... ቦ።» ጻፈች።

አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ መምህር ሳቀ። «አቶ እውነቱ፣ ምነው፣ መኪናው ሄደ እንዴ?»

«ይጠብቃል» አሉና ቀጠሉ። «ያ... ለ...»

«ማዮኔዝ» አለች አለምነሽ ቀድማቸው፣ እየጻፈች። «ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ መኪና ቆሞልዎታል!»