«ሽማግሌው አረፉ» ያልኩት ስለ ኮምፒውተር ነበር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ዋለ።

ሟች የለም!

እንዲያውም ሟች የተባሉት ሰው የድንኳኑን ገመድ ይዘው ሲያግዙ ነበር። አትሳቁ፣ ገና ምኑ ተነካና።

ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ንፋስ መውጫ ውስጥ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ባልዲ፣ ባትሪ፣ ሚስማር፣ የበር ቁልፍ... የጠየቃችሁኝ ከሌለ ካለው ጋር አስማማችኋለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት ገበያ ላይ ነው። ደንበኛ አፉን ሳይከፍት ምን ሊገዛ እንደመጣ አውቃለሁ። በአራት መስመር ቴክስት አንድ ወረዳ ሙሉ ዘመድ አስለቅሳለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ቤታችን አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ ፈተና የምትጽፍበት እሱ ነው። ከጨረታ የገዛሁት ነው፤ ስገዛውም ጡረታ የወጣ ነበር። ሲከፍቱት መጀመሪያ ያስላል። ከዚያ ያቃስታል። ፋኑ በደንብ ሲነሣማ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል!

ባለቤቴ ስም አወጣችለት፤ «ሽማግሌው»።

ስሙ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። በአንቱታ ነው የምንጠራው! «ሽማግሌው ተነሡ?» «ኧረ ዛሬ ተቆጥተዋል፣ ፍላሽ አልቀበልም ብለዋል።» የባልና የሚስት ጨዋታ ነው፣ ከእኛ በቀር ማንም አያውቀውም።

ማንም አያውቀውም ያልኩትን ያዙልኝ።

ሰሞኑን የባለቤቴ አባት፣ መሪጌታ ናቸው፣ ለሳላቸው ሊታከሙ ከእስቴ መጥተው እኛ ዘንድ አርፈዋል። (አርፈዋል ስል በእንግድነት ተቀምጠዋል ማለቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቃል ያለ ማብራሪያ አልጠቀምም!)

ያለን ትርፍ ክፍል ደግሞ ኮምፒውተሩ ያለበት ነው። እሳቸው ዳዊት ሲደግሙ ባለቤቴ ጥግ ላይ ፈተናዋን ትጽፋለች። እሳቸው «አቤቱ» ሲሉ ማሽኑ «ህርርርር» ይላል። ተሰጥኦ የሚቀበል ነው የሚመስለው!

ትናንት መጽሐፋቸውን አጠፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከእኔ ይብሳል። መጀመሪያ እሱን አስመርምሩት፣ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉኝ።

አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ለስልጠና ደብረ ታቦር ስትሄድ ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ዝም የማይል ከሆነ ዝም አሰኘዋለሁ! ከባሕር ዳር ያስመጣሁት ትልቅ ፋን ነበረኝ፤ ትልቅ ሲሆን ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቀስ ሲል አይጮህም። ቪዲዮ አይቼ ነው የተማርኩት፣ ሊቅ መስዬ ልታይ አልፈልግም።

የኬዙን ጎን ስከፍት... ያ አቧራ ድንች ያበቅላል። የጋይንት ድንች ነው የምላችሁ!

በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። አሮጌውን ፋን አወጣሁ፣ አዲሱን አሰርኩ። የሚንቀጠቀጠው ሃርድ ዲስክ ሥር የብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ ቆርጬ አነጠፍኩለት፤ አሁን እንደ ሹም ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። እንደ ሐረግ የተጠላለፈውን ኬብል ፈትቼ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ከሱቄ ባመጣሁት ማሰሪያ ጠቅልዬ አሰርኩ።

ማብሪያውን ተጫንኩ።

ምንም የለም!

በቃ፣ ገደልኩት አልኩ። ባለቤቴን ምን እላታለሁ? ከዚያ ስክሪኑ ቦግ አለ። እጄን ወደ ኋላው ሳስጠጋ ለስለስ ያለች ነፋስ። ይተነፍሳል! ድምፅ የለውም እንጂ ይተነፍሳል!

ደስታዬን ለማን ልናገር? ልክ በዚያች ሰዓት ባለቤቴ የቤተሰቧ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሰላም ናችሁ? ቤት እንዴት ነው?» ብላ ጻፈች። እኔም እዚያው መለስኩላት። እሷን ብቻ እያሰብኩ። ግሩፑ ውስጥ ወንድሟ ይርጋ፣ አጎቶቿ፣ የአክስት ልጆቿ እንዳሉ አእምሮዬ ውስጥ የለም።

የጻፍኩትን ቃል በቃል እነሆ፤

«ሽማግሌው አረፉ! ጠዋት ክፉኛ ሲያቃስቱ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብለዋል። ገመዱን ሁሉ ነቅዬ፣ ጠራርጌ፣ ጠቅልዬ አስሬያቸዋለሁ። ስትመጪ አታውቂያቸውም፣ አምሮባቸዋል!»

እስቲ እንደገና አንብቡት። ቀስ ብላችሁ።

የኮምፒውተሩን ፎቶም አያይዤ ነበር። እሱ ቢሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍላችሁም። ጽሑፉ ሄደ፣ ፎቶው ግን ሳይሄድ መዞር ጀመረ። ሲዞር ስልኬን አስቀምጬ ወደ ቀረው ገመድ ዞርኩና የዋይፋዩን ሶኬት ነቀልኩ! እሱንም ላስተካክል ነዋ! ቻርጀሬን ደግሞ ከሌሎቹ ኬብሎች ጋር አብሬ ጠቅልዬ አስሬዋለሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

እኔ ግን እያፏጨሁ እሠራለሁ።

ትንሽ ቆይቶ የእድራችን ጡሩንባ ተነፋ። «ነፍስ ይማር፣ የማን ቤት ይሆን?» አልኩና ብሎን ማጥበቄን ቀጠልኩ።

የእኔ ቤት ነበር።

ለካ ይርጋ እኔን በስልክ ሲያጣኝ ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ሞላ ደውሎለታል። ጋሽ ሞላ ሰው አስከትሎ፣ ድንኳን አስጭኖ መጣ። መሪጌታ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጋሽ ሞላ መልካቸውን አያውቅም፤ ጥምጣም ያደረጉ አባት ሲያይ ለጸሎት ቀድመው የደረሱ ካህን መሰሉት። የተባባሉትን ኋላ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የባለሱቁ ቤተ ዘመድ ናቸው አባቴ፣ ትልቅ ሰው።»

«እግዚኦ! እኔ እዚሁ ተቀምጬ! ክርስትና ስማቸውን ንገረኝና ላስባቸው።»

ይርጋ ለፍትሐቱ ብሎ ስሙን ነግሮት ኖሯል። «ወልደ ሚካኤል።»

«ሞክሼዬ ናቸዋ!» አሉ መሪጌታ። ለሞክሼያቸው አዝነው፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው የድንኳኑን ገመድ ያዙ።

እኔን ለምን እንዳልጠሩኝ ታውቃላችሁ? መርዶ በድንገት አይነገርማ! የሞተው የእኔ ዘመድ መስሏቸዋል። «ልጄ አልሰማም፣ ይኸው ያፏጫል። ቀስ ብለን እናርዳው» ብለው ጋሽ ሞላን ይዘው ገቡ።

አማቴ የራሳቸውን ሞት ሊያረዱኝ መጡ!

እኔ ወለል ላይ፣ በእጄ መፍቻ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሟች ነው» ብለው ጀመሩ።

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ደህና ወሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ማን ነው? እናቴ ናት?»

«ኧረ አማትህ ናቸው እንጂ!» አለ ጋሽ ሞላ ግራ ገብቶት። «አንተው ራስህ ጽፈህ የለም እንዴ? መሪጌታ ናቸዋ!»

ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ኮምፒውተር እንኳ የለም።

«የትኛው መሪጌታ?» አሉ መሪጌታ።

ጋሽ ሞላ ይርጋ የላከለትን መልእክት አሳየኝ። አነበብኩት። አረፉ፣ ጸጥ ብለዋል፣ ጠቅልዬ አስሬያቸዋለሁ... ምንም ያጎደልኩት ነገር የለም፤ ሰውዬውን ገድዬ፣ አጥቤ፣ ገንዤ ጨርሻለሁ!

ሳቄ ሊመጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እማማ!

የባለቤቴ እናት የደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር አታሰሟቸው» ብሎ አስጠንቅቆናል። አሁን፣ ጋሽ ሞላ እንደነገረኝ፣ የባላቸውን ሞት ሰምተው ከይርጋ ጋር ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ መንገድ ጀምረዋል፣ በእኔ ቴክስት! እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ያ ድንኳን የእውነት ነው። ገዳዩም እኔ ነኝ።

በጋሽ ሞላ ስልክ ለይርጋ ደወልኩ። ገና «ሃሎ» ከማለቴ ያዘኝ።

«አንተ ቀባጣሪ! ያለ ካህን፣ ያለ ፍትሐት ማን ገንዛቸው አለህ? አባቴ ሸቀጥ ናቸው ጠቅልለህ የምታስራቸው?»

«ይርጋ፣ ኮምፒውተር ነው!»

«ምን? በኮምፒውተር ነው የገነዝካቸው?»

«ስማኝ እንጂ! አባባ ደህና ናቸው!»

«እሳቸውማ ደህና ናቸው፣ አርፈዋል! እኛ ነን እንጂ!» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው።

እንዲህ ያለ ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስልኩን ለባለቤቱ ሰጠሁት። ለሟቹ ማለቴ ነው።

«ይርጋ፣ እኔ ነኝ፣ አባትህ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። «በስመ አብ ወወልድ...» የሚል ሹክሹክታ፣ ከዚያ «አቁም! መኪናውን አቁም!» የሚል ጩኸት።

«እናትህስ? እናትህ እንዴት ናት?» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ሲሰበር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ከስልኩ የመኪና በር ሲከፈት ብቻ ተሰማ።

ኧረ በለው። ጋሽ ሞላ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ያለኝን ታቦት ሁሉ ጠራሁ፣ የማላውቀውንም ጭምር።

ከዚያ የእማማ ድምፅ መጣ። ጠንካራ፣ ቁጣ ያለበት።

«አንቱ! የሳሉን መድኃኒት ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ» አሉ መሪጌታ።

«እህል ቀምሰው ነው?»

«ቀምሼ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነው ሞቱ?»

ወገኖቼ፣ እዚያው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ግብር ሲጨመርብኝ እንኳ ያላለቀስኩ ሰው!

እማማ ግን መመለስን አልተቀበሉም። «ዐይኔ ካላየ አላምንም» ብለው መጡ። ከመኪናው ወርደው ባላቸውን ከጥምጣም እስከ ጫማ አዩአቸው፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በትራቸውን ያነሡብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ፊትህ አመድ መስሏል፣ ውኃ ስጡት» አሉ። ብመታ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ስልኳን ዘግታ ከገባችበት ስልጠና ለምሳ ስትወጣ ግሩፑን አይታ በጋሽ ሞላ ስልክ ደወለችልኝ። «ሽማግሌው ያልከው ሽማግሌውን ነው አይደል?»

«ሽማግሌውን ነው።»

ረጅም ትንፋሽ። «ቆይ ልምጣ፣ አንተን እኔ ነኝ የምገድልህ። ለግሩፑም ራሴ እጽፋለሁ።»

ድንኳኑስ? ጎረቤቶች ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል፤ የተቀቀለ ንፍሮ ደግሞ አይመለስም። ተቀመጥንና በላን። መሪጌታም የራሳቸውን ንፍሮ በሉ፣ ጨው አነሰው ብለው አሙትም። ከዚያ ለቀስተኛው ሁሉ ተሰልፎ ኮምፒውተሩን ሊያይ ገባ። ጋሽ ሞላ ጆሮውን ኬዙ ላይ ለጥፎ ቆየና፣ «እውነትም ሥራህ ሥራ ነው፣ ሬሳ ነው የሚመስል» አለኝ።

ያገኘሁት ሙገሳ ይህ ብቻ ነው። ተቀብያለሁ!

ሳስበው ያጠፋኝ አንቱታው ነው። «አረፈ» ብዬ ብጽፍ ማን ይነሣ ነበር? ይርጋም «የማን ባለጌ ነው» ብሎ ያልፈኝ ነበር። ለቆርቆሮ ትሕትና ማሳየት የሚያመጣውን ዕዳ ተመልከቱ! ዕቃችሁን «አንተ» በሉት፣ ቢቻል ስደቡት። ምክሬ ይኸው ነው።

አሁን ሁሉም ሰላም ነው። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተደውሎ «አልሞቱም» ተብሏል። አንዲት ሴት ብቻ አልተገኙም፤ የመሪጌታ ታላቅ እህት፣ ስማዳ ያሉት። ስልካቸው ዝግ ነው። ምናልባት አልሰሙ ይሆናል እያልን ነበር።

ሰምተዋል።

ይህን እየጻፍኩላችሁ ሳለ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። «ወንድሜ! የሀገሬ መብራት! ደጉ ወንድሜ!» የሚል ጩኸት ሰፈሩን ሞላው። ልከፍት ስሮጥ መሪጌታ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ አትክፈት። ጥቂት ልስማ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ስለ እኔ ደህና ቃል ወጥቷት አያውቅም።»

ይኸው ሁለታችንም ከበሩ ጀርባ ቆመናል። እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ፈገግ ብለዋል። እህታቸው ያለቅሳሉ፣ በሩን ይደበድባሉ።

እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱ ነበር?