ቀለበቱ ካልታየ ውሃው አይለቀቅም

«ገና ነው» የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። ወጡ በስሎ እንግዳው ምራቁን ሲውጥ «ገና ነው» ይላል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሞተሩ ሲጮህ «ገና ነው» ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። የዚህ ወገን እቴጌ ግን ንፋስ መውጫ ዳር፣ እኔ በምሠራበት የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይገኛሉ፤ ክብርት እትዬ ደጊቱ፣ የፍሳሽ ገንዳው በር ጠባቂ።

የእኔ ማዕረግ የፍሳሽ ማጣሪያ ባለሙያ ነው። ዲግሪ አለኝ። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ጠላ ጠምቀዋል።

ከበግ ጠጉር እጥበትና ከቀለም የሚወጣው ውሃ ቅባትም ጉድፍም አለበት። በወንፊት እናሳልፈዋለን፣ ኖራ እንጨምርበታለን፣ ገንዳ ውስጥ እናቆየውና የጠለለውን ወደ ወንዙ እንለቃለን። ታች የሚዘቅጠው ነገር «ስለጅ» እንደሚባል ለሠራተኞች ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ።

«አተላ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ ደጊቱ።

ከዚያ ወዲህ በቢሮው ደብዳቤ ሳይቀር አተላ ሆኖ ቀረ።

መሣሪያቸው አንዲት ብርጭቆ ናት። ከገንዳው ይቀዱባትና ጣታቸውን ከጀርባዋ ይደቅናሉ። የብር ቀለበታቸው ጥርት ብሎ ካልታየ በሩ አይከፈትም።

ባለፈው ኅዳር ገንዳው ሞላ። ውሃው ካልተለቀቀ በማግሥቱ አርባ ፈታዮች ሥራ ሊፈቱ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍሥሐ ከባሕር ዳር ደወሉ።

«መቼ ነው የሚለቀቀው?»

«እትዬ ደጊቱ ገና ነው ብለዋል።»

«ለገና? ጠላ መሰላችሁ እንዴ ለበዓል የምታቆዩት? ወር ተኩል ፋብሪካ ዘግቼ ልቀመጥ? ዛሬውኑ ልቀቅ!»

ለማስረዳት አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘጋ። የሙከራ ወረቀቴን ነክሬ ወደ በሩ ገሰገስኩ። አረንጓዴ ሆኗል፤ ደህና ነው ማለት ነው።

«እትዬ፣ ሳይንሱ ፈቅዷል።»

«ቀለበቴ አልፈቀደም። ገና ነው።»

«አርባ ሰው ሥራ ሊፈታ ነው እኮ!»

«ታች ወንዙ ዳር ያለችው የካሣነሽ ላሞች ይጠጡታል። እነሱስ ሌላ ወንዝ አላቸው?» ብለው የበሩ መዘውር ላይ ቁጭ አሉበት። «ለመሆኑ ያንን ወረቀት የት ነው የነከርከው?»

ዞሬ አየሁ። ለካ በጥድፊያ የነከርኩት በእጅ መታጠቢያው ባልዲ ውስጥ ነው። ገንዳው ውስጥ ብነክረው ቀላ። የጠዋቱ ኖራም ከነከረጢቱ ሳይፈታ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጨማሪው እኔ ነበርኩ።

«ዲግሪህም ገና ነው» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ ከመዘውሩ ሳይወርዱ።

ኖራውን ጨመርን። በማግሥቱ ፋብሪካው ቆመ። በር ላይ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለፈታዮቹ ነገርኳቸው። «እግዜር ይስጥህ፣ ዕረፍት ሰጠኸን» ብለው ሳቁብኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቀለበቱ ታየ። እትዬ ደጊቱ መዘውሩን አዞሩና «ና፣ እንሸኘው» አሉኝ። ስለ ወንዙ ስንት ሪፖርት ስጽፍ ከበሩ አልፌ ወርጄ አላውቅም። ውሃውን ተከትለን ወረድን። መልካው ላይ የካሣነሽ ላሞች አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ። እትዬ ደጊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ማንአለሽ ልጅ ሳለች ከእኔ ጋር ውሃ የምትቀዳው ከዚች ነበር» አሉ።

ማንአለሽ ባለቤቴ ናት። አምና ነው ያረፈችው። ይህን ነግራኝ አታውቅም፤ ወይም ነግራኝ አልሰማኋት ይሆናል።

እትዬ ደጊቱ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ላሞቹ ጠጥተው እስኪጠግቡ አብረን ተቀመጥን። የሥራ ሰዓት ስለነበር ሪፖርቴ ላይ «የወንዝ ዳር ክትትል፣ ከበር ጠባቂዋ ጋር» ብዬ ሞላሁት። አሁን ክትትሉ በየሳምንቱ ሆኗል።