የአንክል ካሊል ጉልበትና የአባዬ ሽምግልና

አንድ ሰው መሮጥ ሲያቅተው ሌላ ሰው ቢሮጥለት ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ጥያቄው የክሪኬት ነው። አዎ፣ የክሪኬት! ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች፣ ከመጽሐፍ ቀና የማትል የደሴ ሰዎች ልጅ ከክሪኬት ጋር ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። መስጊድ አገናኘን። አባዬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ፓኪስታናዊው ጎረቤታችን አንክል ካሊል ፊት የእጅ ጽሑፌን እያነሳ ጉራውን ነፋ። በሳምንቱ ሜዳ ዳር ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ የቡድናቸው ነጥብ መዝጋቢ ሆንኩ። ማንንም ሳያናግሩ ሙሉ ቀን መቀመጥ! ከዚህ የተሻለ ሥራ አለ?

መዝጋቢ ሲኮን ሕግ ይነበባል፤ ሕግ ሲነበብ ደግሞ አስተያየት ይመጣል። በዚህ በሃምሳ ኦቨር ጨዋታ (ኦቨር ማለት ስድስት ውርወራ ነው) የዓለም የክሪኬት ሹማምንት ሕግ ሳይቀይሩ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስለኝም። ወርዋሪው መስመር አልፎ ከረገጠ ለመቺው ቡድን ነጥብ ይሰጣል። ያ አልበቃ ብሎ፣ መቺው በሚቀጥለው ውርወራ የመታው ኳስ አየር ላይ ቢያዝ እንኳ ከጨዋታ አይወጣም አሉ። ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት! ቀጥለው ከሁለቱም የሜዳ ጫፍ የየራሱ አዲስ ኳስ ይወርወር አሉ። ኳስ ካላረጀ እኮ አየር ላይ መጠማዘዝ፣ ተንኮል አይማርም! ይህን ሁሉ ግን ችዬ ነበር።

ያልቻልኩት የሯጩን ነው። ነጥብ የሚገኘው ኳሱን መትቶ ከጫፍ ጫፍ በመሮጥ ነው፤ ድሮ ታዲያ የተጎዳ መቺ ኳሱን ራሱ ይመታና ሌላ ሰው ይሮጥለት ነበር። ሹማምንቱ ይህ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ይቅር አሉ። የእኛም ትንሽ ሊግ እንከተላቸው ወይስ አንከተላቸው ብሎ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ላይ ስብሰባ ጠራ። አንክል ካሊል ስድሳን አልፈዋል፤ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ከእሳቸው ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ሯጭ ቀረ ማለት እሳቸውም ቀሩ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በሯጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የምትይዝልኝ ማን ናት? ታናሽ እህቴ ሰሚራ። ፒዛ የምታዝልኝስ? ሰሚራ። ስለዚህ አራት ገጽ መከራከሪያ ጻፍኩና ስብሰባው ላይ አንብቢልኝ አልኳት። ኖ ዌይ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ ሰው ነሽ፣ ራስሽ ቶክ አድርጊያቸው ብላ በሩን ዘጋችብኝ። የቀረኝ አባዬ ነው። አባዬ ወረቀቱን ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ሽምግልና ብቻውን የሚሄድ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ ብሎ ጓደኞቹን፣ ሐጂ ሰይድን ከበርክ፣ ጋሽ ይማምን ከሎረል ጠራ። ሐጂ ሰይድ ደግሞ ፓኪስታኖች ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም አሉ፤ አንድ ትልቅ ካርቶን ጣፋጭ ተገዛ።

እኔ መጨረሻው ረድፍ፣ ከሻይ ማፍያው ጀርባ ተደብቄያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ኮታቸውን ለብሰው በሰልፍ ገቡ። ሰብሳቢው የቡድናችን አምበል ናዲም ነው፤ ወጣት መሐንዲስ፣ ዝምተኛ። አባዬ አላህን አመሰገነ፣ የሁሉንም ጤና ጠየቀ፣ ከዚያ በዚያ ረጋ ባለ እንግሊዝኛው የመጣነው ስለ ልጃችን ነው አለ። ጋሽ ይማም ካርቶኑን ናዲም ፊት አኖሩት። ሐጂ ሰይድ፣ ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ዓይን አፋር ስለሆነች ነው እኛን የላከችን ብለው ደመደሙት።

ሽማግሌ፣ ልጅና ጣፋጭ አንድ ላይ ሲገቡ ፓኪስታኖች ዘንድ ምን ማለት ነው? እኛስ ዘንድ ምን ማለት ነው? ለዚያውም የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ ማን አይቶ ያውቃል! አዳራሹ በአንድ ድምፅ ማሻአላህ አለ። የናዲም ጆሮ ቀላ። አንክል ካሊል እያነከሱ መጥተው አባዬን አቀፉት። አራቱ ገጽ? አባዬ ኪስ ውስጥ!

ያን ጊዜ የሕጉ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ሯጩ ሲሳሳት ከሜዳ የሚወጣው ያስሮጠው ሰው ነው!

ተነሳሁ። ጉዳዩ የሯጭ ነው ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ያን ያህል ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ሹማምንቱ ሯጭ የከለከሉት ሳይጎዱ ተጎዳን የሚሉ ስለበዙ ነው አልኩ። የአንክል ካሊል ጉልበት ሲታጠፍ ግን ድምፁ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል፣ ለዚህም መዝጋቢዋ ምስክር ነኝ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንክል ካሊል፣ አታጋልጪኝ እንጂ ልጄ፣ ሚስቴ ደህና ነኝ ብያት ነው የመጣሁት አሉ። እጅ ይውጣ ሲባል ሯጭ ይቆይ የሚለው አሸነፈ፤ ጣፋጩም ለዚህ ድል ተበላ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ መኪናውን እየነዳ ድልድዩን ተሻገረ። ከዚያ መንገዱን እያየ፣ ሐያት፣ ያ ሰብሳቢው ልጅ ግን ጨዋ ይመስላል፣ ሰው ከሌለው እኔና ሐጂ ሰይድ ብንመለስስ አለኝ።

ለሊጉ ያተረፍኩትን ሕግ ለራሴ እዚያው መኪና ውስጥ ሻርኩት። አባዬ፣ እኛ ቤት ሯጭ ቀርቷል አልኩት። ናዲምን ራሴ ኮል አደርገዋለሁ። የጥርስ ሐኪሙን ግን፣ ያው ጥርሴን ስለሚያመኝ እንደ ተጎዳ መቺ ልቆጠርና፣ ሰሚራ ትደውልለት።