ለዋይፋይ የጾምን ጊዜ

ጥፋቱን ከራሱ በቀር በሁሉም ላይ የሚፈልግ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔ ታቦር ሰፈር አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ማቴዎስ ይባላል።

መዳፍ የምታክል የኮምፒውተር ቦርድ ገዝቶ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫነባትና ዋይፋይዋ እምቢ አለው። ሻጩን ረገመ፣ መብራቱን ወቀሰ። ቦርዷን ለአሠሪዎቹ የሚያሳይበት ቀን ሲቃረብ የሰፈራችን የጸሎት ቡድን ሦስት ቀን ጾመለት።

በአራተኛው ቀን ሠራ! ማቴዎስ ምስክርነት ሊሰጥ ተነሥቶ፣ «ወገኖቼ፣ ለካ ባትሪ እንዳትጨርስ ብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ዋይፋይዋን ያጠፋሁት እኔው ነኝ» አለ።

አብረውን የጾሙት እማማ ዘነበች፣ «ልጄ፣ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ከቁርስ በፊት ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉት።

እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ወር አልደወለልኝም ብዬ ያኮረፍኩትን ወንድሜን ስልኬ ውስጥ ብፈልገው፣ ለካ ብሎክ ያደረግኩት እኔው ነኝ።