ክፍልፋይን የበላ መጠይቅ

አጥኚ የሚባል ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መካኒሳ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከተማሪ ይልቅ አጥኚ ይመላለስብኛል።

«መምህር፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይስጡኝ» አለኝ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ መጠይቁን ታቅፎ። «ልጆች በሒሳብ ለምን እንደሚደክሙ እያጠናሁ ነው።»

መመረቂያው ነው፣ አንጀቴ አልቻለም። ክፍልፋይ የማስተምርበትን ሰጠሁት። በሳምንቱ ጓደኛው መጣች፤ ሰጠኋት። ቀጥሎ አስተማሪያቸው ራሱ መጣ፤ እሱንስ በምን አፌ እምቢ ልበለው?

ሰሞኑን ልጁ ጥናቱን አስጠርዞ አመጣልኝ። ምስጋናው ላይ ስሜ አለ። ግኝቱ፦ ተማሪዎቹ ክፍልፋይ አያውቁም፤ መምህሩ ክፍለ ጊዜ ያባክናል። መፍትሔው፦ ተጨማሪ ጥናት ይደረግ።

ዛሬ ክፍልፋይ ልጀምር ጠመኔ ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። ተማሪዎቼ ማንም ሳያዛቸው የሒሳብ ደብተራቸውን ከደኑ።