ጣሪያው የሚከፈት ቤት

ሙሉ በሙሉ ያለቀ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ጓዳውን አላሳዩትም። የሰው ልጅ የሚወደው መጀመር ነው። መጨረስ የሚወደው ሌላ ፍጥረት ነው፤ ምስጥ መሰለኝ።

በዚህ ነገር የእኛን ቤት የሚያህል የለም። አባዬ ሚዛን ተፈሪ ላይ ቤት ሲያቆም ሦስት ክፍል አስቦ ጀመረ። ሁለቱ አለቁ። የሦስተኛው ግድግዳ ግማሹ ተመርጎ ግማሹ ቀርከሃው እንደ ከሲታ በሬ ጎድን አፍጥጦ ቀረ። ጣሪያውም «ለጊዜው» ሳር ለበሰ። እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ ስድስተኛ ክፍል ደርሼ፣ ትምህርት አቁሜ ቤት እስክውል ድረስ ያ «ለጊዜው» አላለቀም። እማዬም ብትሆን የጀመረችው ሹራብ አንድ እጅጌ ላይ ቆሟል። ሲበርዳት እንዲያው ትለብሰዋለች፤ አንድ ክንዷ ክረምት፣ አንዱ በጋ ሆኖ ይውላል።

እኔም ከዚያው ቤት ነኝ። ልጅ ሳለሁ አባዬ ግድግዳ ሲያቆም ከሥሩ ቁጭ እልና የወደቀውን የቀርከሃ ስንጣሪ እየለቀምኩ ለአሻንጉሊቴ ቤት እሠራ ነበር። የሰፈሩ ልጆች የእቃቃ ቤት ከሰዓት ተሠርቶ ማታ በዝናብ ይፈርሳል። እኔ የፈለግሁት ግን በጣውላ ላይ የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በሩ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የእኛኑ ቤት ቁርጥ የሚመስል ነበር። አባዬ ሥራውን ሲያቆም እኔም አቆምኩ። ታዛዥ ልጅ ነበርኩ። ትንሿ ቤት ያለ ጣሪያ፣ አልጋዋም በሦስት እግሩ እንደተንጋደደ ቅርጫት ውስጥ ገብታ ቆጥ ላይ ወጣች፤ እዚያም ለዓመታት በጭስ ስትጠቁር ኖረች።

ሚዛን ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። በተለይ እኛ ቤት እንደ ልቡ ይገባል። በአንዱ ክረምት እማዬ የሚያፈሰውን ቦታ ልታይ ቆጥ ላይ ወጥታ ቅርጫቱን ይዛ ወረደች።

«ይሄን ወይ ጨርሺው ወይ ለምድጃ ስጪኝ።»

ይህን ያለችኝ ያንኑ ሹራቧን ለብሳ ነው። እኔ መልስ አልሰጥም፤ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ አንገቴን ደፍቼ በእግሬ አውራ ጣት መሬት እጭራለሁ፤ ስሜን የምትናገርልኝ እማዬ ናት።

እናም መጨረስ ጀመርኩ። መጨረስ ሱስ እንዳለው ማንም አልነገረኝም ነበር... ለአልጋው አራተኛ እግር ስሠራለት አልጋው ፍራሽ አማረው። ፍራሹ ሲሰፋ አንሶላ ጎደለ። መደቡን ስለቀልቅ እንሥራው፣ እንሥራውን ሳስቀምጥ ኩራዙ ታወሰኝ። ከሚያፈሰው ቦታ ሥር የምንደቅነውን ባልዲ ሳይቀር ከጠርሙስ ቆርኪ ሠራሁ። ጣሪያው ላይ ስደርስ ግን እጄ ሳር አልነካም አለ። በትልቁ ቤት ያላገኘሁትን በትንሿ ላግኝ ብዬ ከሻይ ቤቱ በራፍ የሲጋራ ብር ወረቀት ለቀምኩ። (አንዲት ጎረቤታችን ልጅሽ ማጨስ ጀምራለች ብላ ለእማዬ የነገረቻት ያኔ ነው።) ወረቀቱን ማበጠሪያ ላይ ዘርግቼ በጥፍሬ ስጭነው ቁልጭ ያለ ቆርቆሮ ወጣው። በካርቶን ላይ በሰም ለጠፍኩትና እንደ ድስት ክዳን ተነስቶ የሚከደን ጣሪያ ሆነ። ሲነሳ የቤቱ ሆድ ዕቃ በሙሉ ይታያል። ከሠራሁት ሁሉ ያኮራኝ እሱ ነበር። ያሳበቀብኝም እሱ ሆነ።

አሁን ጓዳ እንግባ። እዚህ ላይ ድምፄን ቀነስ ላድርግ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ዛሬ የሚያዳምጠን የለም። ያን ጊዜ ቡና የሚሸጠው ለገበሬ ማኅበሩ፣ እሱም መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ብቻ ነበር። ለቤት ከሚጠጣው በላይ የተገኘበት ሰው ቡናው ይወረሳል፣ ራሱም ይታሰራል። እማዬ ግን አማን ከተማ ካለው ከእናቷ ጓሮ በጥቂት በጥቂቱ አምጥታ ያጠራቀመችው ሁለት ጆንያ ቡና ነበራት። ጓዳ ባደረግነው በሦስተኛው ክፍል ካልተመረገው ከዚያ ቀርከሃ ጀርባ ሸሽጋ ፊቱን በሰሌን ጋርዳዋለች። ወደ ጅማ የሚሄድ አንድ የምታምነው ሾፌር እስኪያልፍ ትጠብቅ ነበር። በዚያ ቡና ሊገዛ የታሰበው የእውነተኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ሁለቱ ጆንያዎች ከሄዱ ቆርቆሮውም ሄደ፣ ምናልባትም አባዬ ሄደ።

እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ያውቃል ማለቴ ነው፤ እጄ አያውቅም። የትንሿን ቤት ጓዳ ስጨርስ ሰሌኑን ከቃጫ ሸምኜ ሰቀልኩ። ከሰሌኑ ጀርባ ባዶ ቦታ ታየኝ። ባዶ ቦታ ደግሞ የመጨረስ ሱስ ለያዘው ሰው... ተነስቼ ወደ ትልቁ ቤት ጓዳ ሄድኩ፣ ሰሌኑን ገለጥኩ፣ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ሠራሁ። ከኬሻ ቅዳጅ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ጆንያዎች ሰፍቼ የቡና ስባሪ ሞላሁባቸውና አፋቸውን በክር አሰርኩ። ያን ቀን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስፌቱ ማማሩን።

በማግስቱ እትዬ ዘውዴ መጡ። እትዬ ዘውዴ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሚስትና የሴቶች ማኅበሩ መሪ ናቸው። የመጡት እማዬን ለስብሰባ ሊጠሩ ነበር፤ ትንሿን ቤት ሲያዩ ስብሰባውን ረሱት። ለአብዮት በዓል በአዳራሹ በሚታየው የእጅ ሥራ መሃል ትቀመጣለች አሉ። እምቢ ለማለት መናገር ያስፈልጋል። እኔ መሬት ስጭር ቤቷ በእትዬ ዘውዴ ራስ ላይ ሆና ወጣች። እማዬ ደስ ብሏት ሸኘቻት፤ እስከዚያ ድረስ ትንሿን ቤት ያየቻት ጣሪያዋ እንደተከደነ ነው።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። የአገሬው የቤንች እናቶች የሠሩት የቀርከሃ ቅርጫት፣ የጥልፍ የትራስ ልብስ፣ የቀንድ ማንኪያ ተደርድሯል፤ በመሃል የእኔ ቤት። ሰዉ ወዲያው አወቃት። ይሄ እኮ የእነ እንትና ቤት ነው፣ ያውና ያልተመረገው ግድግዳ፣ ያውና እግሩ የተሰበረው በርጩማ እየተባለ አባዬን በሳቅ ገደሉት። አባዬም አብሮ እየሳቀ ለጊዜው ነው፣ ለጊዜው ነው ይላል።

ሊቀመንበሩ ጓድ መኮንን ደረሱ። ረዥም ሰው ስለነበሩ ለማየት ማጎንበስ ነበረባቸው። በመጀመሪያ ያዩት ቆርቆሮውን ነው። ቤታችን ሳር መሆኑን ያውቃሉና ይሄስ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። እኔ መሬት ጫርኩ። እትዬ ዘውዴ በእኔ ፈንታ ወደፊት የሚሆነው ነው ብለው መለሱ። ጓድ መኮንን ቀና ብለው ይህች ልጅ የነገን ዕድገት ዛሬ አየችው ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ደስታዋ የቆየው እትዬ ዘውዴ «ደግሞ ጣሪያው ይከፈታል እኮ!» እስኪሉ ድረስ ነው።

ጓድ መኮንን ጣሪያውን በሁለት ጣት አነሱት።

ያኔ ነው ጭንቅላቴ እጄን የደረሰበት። ምን እንደሠራሁ ገባኝ። እማዬን ፈለግኋት፤ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። አባዬ የአዳራሹን ጣሪያ ማድነቅ ጀምሯል። ጓድ መኮንን አልጋውን አይተው ሳቁ፣ ባልዲውን አይተው ሳቁ። ጓዳ ሲደርሱ ሰሌኑን በጥፍራቸው ገለጥ አደረጉና ሳቃቸው ቆመ። አንዷን ጆንያ ቆንጥረው አወጧት።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

እማዬ እንዳትመልስልኝ ሩቅ ናት። ከአፌ የወጣውን ድምፅ የሰማሁት ከሌላው ሰው ጋር እኩል ነው።

«ትራስ ነው።»

«ትራስ ጓዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ ነው።»

ይህ ልክ ነው፤ የማን ቤት ትራስ ነው በእንግዳ ቀን ከጓዳ የማይወጣው? ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓድ መኮንን ግን ጆንያዋን አፍንጫቸው ላይ አስጠጉ።

«ትራስሽ ቡና ቡና ይላል።»

«እኛ አገር፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ «ቡና ቡና የማይል ምን አለ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ መኮንን አልሳቁም። እኔን አዩኝ፣ እማዬን አዩአት፣ ትንሿን ጆንያ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷትና ወደ ቅርጫቶቹ አለፉ።

ቤት ስንገባ እማዬ አልጮኸችም። ከአልጋው ላይ ትራስ አንስታ ፊቴ ያዘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትራስ።»

«ተመስገን። ታውቂዋለሻ!»

ጆንያዎቹን ሌላ ቦታ እናሽሽ እንዳንል፣ ጆንያ ተሸክሞ መንገድ ላይ መታየት ከማስቀመጥ ይብሳል። ለፈታሽ ትተን እንዳንቀመጥ፣ ሰሌኑ ለገለጠው ሁሉ ይገለጣል። ያኔ አባዬ ያደረገውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ተነሳ፣ ጭቃ አቦካ፣ ጭድ ቀላቀለ፣ ያን ዘመን የፈጀ ቀርከሃ ከላይ እስከ ታች መርጎ ዘጋው። ቡናው ከነጆንያው ውስጥ ቀረ። ሲነጋገሩበት ዓመታት የፈጁበትን ግድግዳ ፍርሃት በአንድ ቀን ጨረሰው። እማዬ ቡናው ይሻግታል እያለች ስትብሰለሰል እሱ እጁን ታጥቦ ግድግዳውን ከሩቅ እያየ፣ ለካ ያምራል አለ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ ትራስ ታቅፋለች። በመጨረሻ አንድ የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ትፈለጊያለሽ አለኝ። የምፈለገው ቀበሌ ሳይሆን ሊቀመንበሩ ቤት ነው። እማዬ በአንድ እጅጌዋ ዓይኗን እየጠረገች ሸኘችኝ።

እትዬ ዘውዴ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ትንሿ ሴት ልጃቸው ቀሚሳቸውን ይዛለች። ልጅቷ ያንን ቤት ካየች ወዲህ አልቅሳ መከራቸውን እንዳሳየቻቸው ነገሩኝ። የፈለጉኝ የእነሱን ቤት ለልጃቸው እንድሠራላት ነው። በርጩማ አቀረቡልኝ።

«እንደዚያኛው አድርጊልኝ የኔ ልጅ፣ ምንም ሳይቀር። ነይ፣ ክፍሎቹን እያየሽ ለኪ።»

ሳሎኑን በክር ለካሁ። መኝታ ቤቱን ለካሁ። እትዬ ዘውዴ ልጅቷ ስታለቅስ እሷን ሊያባብሉ ሲወጡ የጓዳውን በር በእጃቸው አመለከቱኝ። ገባሁ። በስተጀርባ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሠሪ ነኝና ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ሳልለካ አልወጣም፤ ገለጥኩት።

ጆንያ። በጆንያ ላይ ጆንያ፣ እስከ ጣሪያው። ሽታውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስዞር ጓድ መኮንን በሩ ላይ ቆመዋል። ከሥራ ገና መግባታቸው ነው፣ ባርኔጣቸውን አላወለቁም። እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ ቡናው ሁለታችንንም ያየናል። ማንም ቢሆን ቢናገር ጥሩ ነበር። እሳቸው በእግራቸው ጫፍ ወለሉን ሲጭሩ አየሁ፤ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሳዘኑኝ። ስለዚህ ክሬን እየጠቀለልኩ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለእርስዎ ቤት ስንት ትራስ ልሥራ?»

እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተው የእኔን ትንሽ ጆንያ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጧት። «ትራስሽን ረስተሽ ነበር» አሉኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝ።

«የልጄን ቤት ጣሪያ... በምስማር ምቺው።»

ሾፌሩ ከዝናቡ በኋላ መጣ። አባዬ እያዘነ ግድግዳውን በመጥረቢያ ፈነቀለው፣ ቡናው ትንሽ ጭቃ ጭቃ እያለ ወደ ጅማ ሄደ፣ ቆርቆሮውም መጣ። ዛሬ ዝናቡ ከላያችን ይጮሃል እንጂ አብሮን አያድርም። የተፈነቀለው ግድግዳ ግን ያው እንደተፈነቀለ ነው። ለጊዜው።

የጓድ መኮንን ልጅ ቤት ደግሞ በሩ ተቀብቷል፣ አልጋው አራት እግር አለው፣ ጣሪያው ዙሪያውን በምስማር ተመቷል። ያየው ሁሉ እንዴት ያለቀለት ቤት ነው ይላል። እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ ምንም ጎደለው ያለ ሰው የለም። ማን ከፍቶት?