በፉሪ ክፉ ሰው አይቀበርም

በሰፈራችን በፉሪ ሰው ሲሞት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ድንኳን አይደለም፤ ጋሽ መልከጼዴቅ ናቸው። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚጽፉልን እሳቸው ስለሆኑ፣ እስካሁን አንድም ክፉ ሰው ቀብረን አናውቅም። ሁሉም "ለተራበ አጉራሽ፣ ለታረዘ አልባሽ" ሆኖ ነው አፈር የለበሰው፤ የጎረቤቱን አጥር ሲነቅል የኖረው ሳይቀር።

እኔም ጠንቃቃ እናት ነኝና የራሴን አስቀድሜ አጽፌያለሁ። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ሄጄ አስነብበዋለሁ። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ምኞቴ በዚያች ቀን ስሜ አምሮ እንዲነሳ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት እትዬ የወይንሐረግ ዐረፉ። ጋሽ መልከጼዴቅ እንደ ልማዳቸው ከአንድ የድሮ ሟች ታሪክ ላይ ስም ብቻ ቀይረው አነበቡ፦

"ወይዘሮ የወይንሐረግ በሪዛቸው ግርማ የተፈሩ..."

ልጃቸው ቲቶ በእናቱ መቃብር ላይ ሳቀ።

ዕድሩ "የአቅም ግንባታ አስፈላጊነት ስለታመነበት" ከሰበታ ዕድላዊት የምትባል የጽሑፍ ኮች፣ ማለትም አሠልጣኝ፣ አስመጣ።

"ለእኔ? ግማሽ ፉሪን ለቀበርኩት ሰው?" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ፣ ሟች ቤት ሄደው ያውቃሉ?" አለች ዕድላዊት።

"ለማስተዛዘን ነዋ!"

"ምን ይወዱ ነበር፣ በምን ይናደዱ ነበር ብለው ጠይቀውስ?"

ጋሼ በሳምንቱ "ያለ ኮች ስንት ሰው አበላሸሁ!" እያሉ በየቤቱ ያንኳኩ ጀመር።

ኦቦ ዲንሳ ሲቀበሩ "ድንበር ገፊ ነበሩ፤ ያለ ልጅ ልጃቸው ግን ምሳ አይቀምሱም" ተብሎ ተነበበ። ድንበር የተገፋበት ሰውዬ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። እኔም ቀናሁና የእኔን እንዲያድሱልኝ ለመንኳቸው። ልጄን ሶፊን ጠይቀው ጻፉት፦

"ወይዘሮ ተስፋነሽ ልጃቸው ሱሉልታ ለሽርሽር ስትሄድ፣ ታክሲው ሳይሞላ ለቅሶ የሚጀምሩ፣ ስልክ ካላነሳች ሆስፒታል ለሆስፒታል የሚዞሩ..."

"ይሄ ሰው ፊት ሊነበብ?"

"ቃል በቃል! ኮቿ አንብባው በሳቅ ልትሞት ነበር።"

"አሮጌውን ይመልሱልኝ!"

"ቀድጄዋለሁ የሶፊ እናት። እኔ አሁን የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ካልጣመሽ ሌላ ነገር አሳዪኝ።"

የኮች ጥቅም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በፉሪ የሞተ የለም፤ ሁሉም ታሪኩን እያስተካከለ ነው። አጥር ነቃዮች አጥር ሲተክሉ ይውላሉ።

ዛሬ ጠዋት ሶፊ ለብቻዋ ቡራዩ ልትሄድ ስትነሳ፣ "በሰላም ግቢ" ብቻ ብዬ ሸኘኋት።

ጉንፋን ይዞኛል፤ ታሪኬን ሄጄ ማስነበቤ አይቀርም።